ሙዝ የሚታደልበት ቀን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጋዜጣችሁን የማነበው ከኋላ ጀምሬ ነው። ባለቤቴ ስፖርቱን ይወስዳል፣ እኔ የክፍት ሥራ ማስታወቂያውን። ሥራ ፈልጌ አይደለም። ጡረታ ከወጣሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፣ ጉልበቴም ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ማን ምን ዓይነት ሰው እንደሚፈልግ ማየት ግን ደስ ይለኛል። የአገሩን ሁኔታ ከፊተኛው ገጽ ይልቅ እዚያ ላይ የማገኘው ይመስለኛል።

ከሦስት ሳምንት በፊት እዚያው ገጽ ላይ ያየሁት ማስታወቂያ ነው ብዕር ያስያዘኝ። ወላጅ ያጡ ልጆችን የሚያሳድግ አንድ ድርጅት «የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ኃላፊ» ይፈልጋል። ስሙን አልጠራም። ነገሩ የእሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፍም ነበር። የትምህርት ደረጃ፦ በማኔጅመንት፣ በአካውንቲንግ፣ በኢኮኖሚክስ ወይም በተዛማጅ የትምህርት ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ። የሥራ ልምድ፦ በኃላፊነት አምስት ዓመት። ኮምፒውተር የሚችል። መንጃ ፈቃድ ያለው ቢሆን ይመረጣል።

መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። ሶሻል ወርክ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሙያው ራሱ፣ የለም። ሶሲዮሎጂ የለም። ሳይኮሎጂም የለም። እኛ ሶሻል ወርከሮች «ተዛማጅ» ውስጥ ገብተናል ማለት ነው። ከመንጃ ፈቃዱ በላይ እንሁን በታች አልገባኝም።

ደወልኩ። ቁጥሩ የተጻፈው ሊደወልበት አይደል? ስልኩን ያነሳው ወጣት ትሁት ነው፣ እግዜር ይስጠው። «ማዘር፣ ለማን ነው የሚጠይቁት?» አለኝ። ለጨዋታ ያህል «ለራሴ ነው፤ በሶሻል ወርከርነት የሠላሳ ስድስት ዓመት ልምድ አለኝ» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ማዘር፣ እኛ የምንፈልገው የሚያስተዳድር ሰው ነው። ኬዙን የሚሠሩ ልጆች ሌሎች አሉ» አለኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ይቺ አባባል ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ኬዙን የሚሠሩ ልጆች አሉ። ኬዝ የምንለው የአንድ ልጅን ጉዳይ ነው፤ «ልጆች» ያላቸው ደግሞ ወጣት ሠራተኞቹን ነው። እነዚያን ልጆችስ ማን ነው የሚያያቸው?

በ1979 ዓ.ም. ሥራ ስጀምር ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከስድስት ኪሎ በሶሲዮሎጂ ተመርቄ ደሴ ላይ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ተቀጠርኩ። ልጆቹ የ77ቱ ድርቅ ልጆች ናቸው። ከኮረም፣ ከባቲ መጠለያ የመጡ ነበሩ። አንዳንዶቹ የአባታቸውን ስም እንጂ የአገራቸውን ስም አያውቁም። እኔ ደግሞ ስለ ልጅ የማውቀው ታናሽ ወንድሜን አዝዬ ያሳደግኩትን ያህል ብቻ ነበር።

የቅርብ አለቃዬን ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ላይ ከተከፈተው፣ በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ከሆነው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ትምህርት ቤቱ የለም። ከአብዮቱ በኋላ ተዘግቶ ትምህርቱ ከሶሲዮሎጂ ጋር ተቀላቅሏል። ስለዚህ ሶሻል ወርክን የተማርኩት ከእትዬ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቡና ይፈላል። አራት ነን። እያንዳንዳችን አንድ ኬዝ ይዘን እንመጣለን። የተሳካልንን ይዘን ከመጣን እትዬ ይቆጣሉ። «እሱን ለሪፖርት አቆዪው» ይላሉ። የሚጠይቁት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው። «ዛሬ ማን ነው የከበደሽ?»

አንድ ቀን የስድስት ዓመት ልጅ ፋይል ይዤ ቀረብኩ። ከምግብ ቤት ዳቦ እየደበቀች ትወጣለች። ሞግዚቶቹ ተማርረዋል። እኔም ፋይሏ ላይ «የመስረቅ ጠባይ ይታይባታል» ብዬ ጽፌያለሁ። እትዬ አነበቡና ቀና አሉ።

«የት ነው የምታስቀምጠው?»

«ትራሷ ሥር።»

«ትበላዋለች?»

«አትበላውም፣ እየደረቀ ነው የሚገኘው።»

«ታዲያ ሌባ የማይበላውን ነገር ምን ያደርግለታል?»

ዝም አልኩ። ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ ድረስ እሳቸውም ዝም አሉ። ከዚያ የጻፍኩትን ቃል በራሴ እጅ አሰረዙኝ። ያቺ ልጅ ነገ ዳቦ ስለመኖሩ ማረጋገጫ የላትም፣ ማረጋገጫዋ ትራሷ ሥር ያለው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ትንሽ ሞሰብ ገዛንላት። ማታ ማታ ሞግዚቷ በልጅቷ ፊት አንድ ዳቦ ታስቀምጥበታለች፣ ሞሰቡ ከአልጋዋ አጠገብ ያድራል። አንድ ወር ሳይሞላ መደበቁን ተወችው። ሞሰቡን ግን ትምህርት ቤት እስክትገባ ድረስ ማንም እንዲነካባት አትፈቅድም ነበር።

እትዬ ለስላሳ ሰው እንዳይመስሏችሁ። በወር አንድ ጊዜ ፋይል መደርደሪያው ፊት ቆመው ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለት ፋይል ይመዛሉ። ከዚያ በእግራቸውም በጋሪም ብለው ፋይሉ ላይ ወደተጻፈው ቤት ይሄዳሉ። ሳይናገሩ ነው። አንዴ ሄጄ ያላየሁትን ቤት «ጎበኘሁ» ብዬ ጽፌ ነበር። ሲመለሱ ምንም አላሉኝም። ፋይሉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው «ቤቱ በስተግራ ነው ብለሻል፣ በስተቀኝ ነው» ብቻ አሉኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ ወዲህ ያልረገጥኩትን ደጅ ረገጥኩ ብዬ አልጻፍኩም። ያልሰማሁትን ደህንነት ግን ጽፌያለሁ፣ እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ያኔ ይህን ነገር ምን እንደሚሉት አላውቅም ነበር። የሶሻል ወርክ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ እንደገና ተከፈተ። ከሁለት ዓመት በኋላ እኔም ፀጉሬ ሽበት እየጀመረው ከልጆቼ እኩዮች ጋር ተቀመጥኩ። አንድ ቀን መምህሩ ስለ ሱፐርቪዥን ሲያስተምሩ ሦስት ሥራ አለው አሉ። አንዱ አስተዳደራዊ ነው፣ ሥራው በወጉ መሠራቱን ማየት። አንዱ ትምህርታዊ ነው፣ ሠራተኛው በኬዙ ላይ እንዲያስብ ማድረግ። ሦስተኛው ደጋፊ ነው፣ ሠራተኛው ራሱ እንዳይሰበር መያዝ። ደብተሬ ላይ ሌላ ነገር አልጻፍኩም። «ዓርብ። ቡና። እትዬ» ብዬ ብቻ ጻፍኩ።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ትንሽ ልበል። እኛ አገር ሱፐርቪዥን ሲባል መኪና መጣ ማለት ነው። ሰው ይደነግጣል፣ ግቢ ይጠረጋል። ሱፐርቫይዘር ማለት ጥፋት ፈላጊ ነው። እትዬ ያደርጉት ለነበረው ነገር ሌላ የአማርኛ ቃል ብናገኝለት ደስ ይለኛል።

ከትምህርቱ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ሌላ ማሳደጊያ ገባሁ። ያኔ ወሬው ሁሉ ስለ ጥራት ነበር። በ2001 ዓ.ም. የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ እንክብካቤ፣ ልጅን ከቤተሰቡ ጋር ስለ መቀላቀል፣ ልጅን ለጊዜው ተቀብሎ ስለሚያሳድግ አደራ ቤተሰብ፣ ስለ ጉዲፈቻ ይናገራል። ማሳደጊያ የመጨረሻው አማራጭ ነው ይላል። ትክክል ነው። በዓመቱ ሚኒስቴሩና የፌዴራል ኤች አይ ቪ/ኤድስ መከላከያና መቆጣጠሪያ ጽሕፈት ቤት ለችግር የተጋለጡ ልጆች አገልግሎት ደረጃ አወጡ። ሰባት የአገልግሎት ዓይነቶች አሉት፣ ከምግብና ከመጠለያ እስከ ሥነ ልቦና ድጋፍና የሕግ ከለላ። ጥራት በምን ይለካል ለሚለውም ዝርዝር አለው። ደህንነት፣ ተደራሽነት፣ ቀጣይነት፣ የልጁ ተሳትፎ፣ ሌላም ሌላም። ከእነሱ አንዱ ርኅራኄ ያለው ግንኙነት ነው።

ሥልጠናውን የወሰድነው አዳማ፣ ሆቴል ውስጥ ነው። (ሥልጠና ሁሉ አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ነው፣ ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፣ ዓሣው ጥሩ ስለነበር ይሆናል።) ርኅራኄ የሚለው ሲነሳ አጠገቤ የተቀመጠች ሞግዚት እንባዋን ጠረገች። በአሥራ አምስት ዓመት ሥራዋ ይህን ቃል በመንግሥት ወረቀት ላይ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። እኔም ደስ አለኝ።

ከዚያ ወረቀቱ ወደ ቢሯችን መጣ። የእኛ ድርጅት ለራሱ እንዲመች ቼክ ሊስት አደረገው። ርኅራኄም አንድ ረድፍ ሆነች። ከጎኗ ሦስት ሳጥን አለ፦ አዎ፣ የለም፣ አይመለከትም። መቶ አርባ ልጆች በስሜ ነበሩ። በሩብ ዓመቱ መጨረሻ መቶ አርባ ጊዜ «አዎ» ላይ ራይት አደረግኩ። ሌላ ምን ላድርግ? «የለም» ብል ማብራሪያ ጻፊ ይላል፣ ለማብራሪያው የተተወው መስመር ደግሞ አንድ ነው።

ከመመሪያው ጋር ጠብ የለኝም። የጻፉት ሰዎች ሥራውን ያውቁታል። ያጣነው መመሪያውን ይዞ ከእኛ ጋር የሚቀመጥ ሰው ነው።

አለቃችን አካውንታንት ነበሩ። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ይህን አስረግጬ መናገር እፈልጋለሁ። ሳንቲም አይነኩም። ደመወዝ አንድ ቀን አላዛነፉም። ዘይትና ጤፍ ሲገዙ ከነጋዴ ጋር ሲከራከሩ ማየት ራሱ ትምህርት ነበር። ሰኞ ጠዋት ስብሰባ አለን። አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። «ስንት ደረስን?»

እሳቸው ይህን ቢጠይቁ አልፈርድባቸውም። ሰው የሚጠይቀው የሚያውቀውን ነው።

ቁጥጥር በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ደብዳቤው ከአሥር ቀን በፊት ይደርሳል። አንሶላ ይቀየራል። የተቆለፈው ቁም ሣጥን ይከፈትና አሻንጉሊቱ ይወጣል። ምሳ ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ ሙዝ ይታደላል። እንግዶቹ አልጋ ይቆጥራሉ፣ የእሳት ማጥፊያውን ቀን ያያሉ፣ የጤና ካርድ ያገላብጣሉ፣ ፋይሎቹ ውስጥ ፎቶ መኖሩን ያረጋግጣሉ። ሻይ ይጠጣሉ። አስተያየት መዝገብ ላይ ይፈርማሉ። በነጋታው አሻንጉሊቱ ይቆለፋል።

አንድ ጊዜ የስኳር በሽታ ያለባት ሞግዚት ሙዝ ይዛ ግቢ ገባች፣ ለራሷ ነው። አንድ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ አየና ሮጦ ወደ መኝታ ክፍል ገባ። ምን ሆነ ብዬ ተከተልኩት። የእንግዳ ቀን ልብሱን እየለበሰ ነው። ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶት «ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?» አለኝ።

ያን ዓመት ድርጅታችን «በጣም ጥሩ» የሚል ውጤት አገኘ።

አሁን ወደዚያ ልጅ ልምጣ። ልጽፈው ወይስ ልተወው ብዬ ሦስት ሳምንት ያስቆየኝ እሱ ነው። ሰባት ዓመቱ ነበር። እናቱ ሞታለች፣ አባቱ አይታወቅም፣ አጎቱ ሰሜን ሸዋ ገጠር ውስጥ ተገኘ። በዚያ ሩብ ዓመት ሃያ አምስት ልጆችን ከቤተሰብ ጋር እንድናቀላቅል በዕቅድ ተይዟል። ሃሳቡ ጥሩ ነው፣ ልጅ ከዘመዱ ጋር ቢያድግ ማን ይጠላል? አጎቱን ሄጄ አይቻለሁ። ሚስቱንም አነጋግሬያለሁ። ትምህርት ቤቱ ከቤቱ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ፈረምኩ። ልጁን ራሴ አደረስኩት። በአንደኛው ወር ሄጄ አየሁት፣ ደህና ነበር።

በሦስተኛው ወር የነዳጅ በጀት አለቀ። ክትትሉ በስልክ ይሁን ተባለ። ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ደወልኩ። አጎቱ አነሱ። «ደህና ነው፣ ከብት ይዞ ወጥቷል» አሉኝ። እኔም ቅጹ ላይ «ልጁ በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብዬ ጻፍኩ።

ማክሰኞ። አራት ሰዓት። ጥቅምት ወር። የሰባት ዓመት ልጅ ከብት ይዞ ወጥቷል።

እትዬ ቢኖሩ ኖሮ ቡናው ሳይፈላ «ትምህርት ቤት አልነበረም እንዴ ያን ቀን?» ይሉኝ ነበር። እኔ ማስተርስ አለኝ። ሱፐርቪዥን ሦስት ሥራ እንዳለው በፈተና ላይ መልሼ ኤ አግኝቻለሁ። ግን በዚያ ጠዋት ከእሱ በኋላ የሚደወልላቸው አሥራ አንድ ቤተሰቦች ነበሩ፣ ሰኞ ደግሞ ስንት ደረስን አለ። ጆሮዬ ሰምቷል። የሰማሁትን የሚያስደግመኝ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ጥፋቱን ወደ ሌላ ለመግፋት አይደለም። ፊርማው የእኔ ነው።

በስድስተኛው ወርም በስልክ ነው። ፋይሉ በዓመቱ ኦዲት ሙሉ ነጥብ አገኘ። ፎቶ አለ፣ ፊርማ አለ፣ የክትትል ቅጽ በቀኑ አለ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ልጁን አውቶቡስ ተራ አካባቢ አየችው። ላስቲክ ለብሶ ከሌሎች ልጆች ጋር። ገጠሩ ውስጥ ትምህርት ቤት የገባው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ማታ የሚተኛው ከጥጃዎቹ ጋር ነበር። የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ መጣ።

ለአለቃችን ስነግራቸው በጣም አዘኑ። እውነት ነው የምላችሁ፣ እንባ አቀረሩ። ከዚያ «ሃያ አምስቱ ውስጥ አስቀድመን ሪፖርት አድርገነዋል፣ አሁን ምን እናድርግ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

አንባቢ «ይህ የድሮ ነገር ነው» ሊል ይችላል። እንዲያውም አሁን ሸክሙ ከብዷል። በጥር 2010 ዓ.ም. ፓርላማው የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከልክሏል። ከዚያ በፊት ወደ አሜሪካ ብቻ በዓመት ከ2 ሺህ በላይ ሕፃናት የሄዱበት ጊዜ ነበር። በዚያ ሥራ ውስጥ የነበረውን ውሸትና ደላላ ያየሁ ስለሆንኩ ክልከላውን አልቃወምም። ግን በሩ ሲዘጋ ልጆቹ እዚሁ ናቸው። አደራ ቤተሰብ፣ የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ፣ ከዘመድ መቀላቀል። ሦስቱም ቤት አንኳኩቶ የሚገባ፣ ገብቶም የሚያይ ሰው ይፈልጋሉ። ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከኮሌጅ የወጣ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። ደመወዙ የቤት ኪራዩን አይሸፍንም። ዓመት ሳይሞላው ሌላ ሥራ ያገኛል። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አዲስ የመጣችውን ሶሻል ወርከር «ታሪኬ ፋይል ላይ አለ፣ አንብቢው» ስትላት ሰምቻለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ አምስተኛዋ መሆኗ ነበር። ልጅቷ ባለጌ አይደለችም። ደክሟት ነው።

ሰው የሚለቀው በደመወዝ ብቻ አይደለም። እኔ ደሴ ስድስት ዓመት የቆየሁት በሁለት መቶ ምናምን ብር ነው።

የጤናውን ሴክተር ስመለከት እቀናለሁ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ይመደቡ ተባለ። ሠለጠኑ፣ ደመወዝ ተቆረጠላቸው፣ ከጤና ጣቢያ ጋር ተሳሰሩ። ከላያቸው ያለው ክትባት ምን እንደሆነ የሚያውቅ የጤና ሰው ነው። ጉድለት የለውም አልልም። ግን ለጤና ኬላ ኃላፊነት «በአካውንቲንግ ወይም በተዛማጅ» ተብሎ ማስታወቂያ ሲወጣ አላየሁም። ነርስ ሥራ ስትፈልግ የሙያ ፈቃዷን ይዛ ትቀርባለች። እኔን በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ የሙያ ፈቃድሽን አሳዪ ያለኝ አንድም ሰው የለም። ስንት ልጆች በስምሽ አሉ፣ ይበዛብሻል ወይ ያለኝም የለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ጥቃትንና ብዝበዛን መከላከልን ከዋና ዋና የትኩረት መስኮቹ አንዱ አድርጎታል። ያን በየሰፈሩ የሚሠራው ሰው ማን እንደሚመራው ነው የምጠይቀው።

ነገሩ የልጆች ብቻም አይደለም። በእኛ ሰፈር እናቶቻችን እየሸመገሉ፣ ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው። አስታማሚ በደላላ ይቀጠራል። ብር ከዋሽንግተን ይመጣል፣ ቪዲዮ ይደወላል፣ እማማ ነጠላቸውን ለብሰው ይታያሉ። ሙዙ እዚህም አለ ማለት ነው። እኔ የእድራችን ጠያቂ ስለሆንኩ ሳልደውል እሄዳለሁ። አንዳንዱ ቤት አስታማሚዋ ከልጅ ትበልጣለች። አንዳንዱ ቤት ደግሞ በሩን ለመክፈት ሃያ ደቂቃ ይወስዳል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ለእንዲህ ያለ ክፍል ኃላፊ የሚሆን ሰው መጀመሪያ ራሱ ኬዝ ይዞ የሠራ ይሁን። አምስት ዓመት ይበቃል፣ አምስቱም ዓመት ደጅ የረገጠበት ይሁን። ሒሳቡን የሚይዝለት ሰው አብሮት ይቀጠር፣ የድሮ አለቃዬን የመሰለ ሰው ቢገኝ እሰየው። ይህ ሰው በሳምንት ሁለት ሰዓት ከሠራተኞቹ ጋር ተቀምጦ ኬዝ ያዳምጥ፣ እሷም ሁለት ሰዓት በዕቅድ ላይ እንደ ሥራ ትቆጠር። ትኩረት ሳይሰጣት «ጊዜ ሲገኝ» ከተባለች አትገኝም። ተቆጣጣሪ ቢሮዎችም ደብዳቤውን ይተዉት። ሳይናገሩ ይምጡ፣ ጠዋት አይሁን፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይሁን። ከልጆቹ ሁለቱን ያለ ሞግዚት ያነጋግሩ። ፋይል ሲያዩ ከመደርደሪያው ዓይናቸውን ጨፍነው ይምዘዙና እዚያ የተጻፈው ቤት ድረስ ይሂዱ። ለአንድ ሶሻል ወርከር ስንት ልጅ እንደሚበቃ የሚወስን ቁጥር ቢወጣ ደግሞ የእኔ መቶ አርባ ለማንም እንዳይደገም ይጠቅማል። ቁጥሩን ራሴ አልወስንም፣ ግን መቶ አርባ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ልጁ አሁን ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። ካገኘነው በኋላ ሌላ ድርጅት ወሰደው፣ ጥሩ ቦታ ነበር፣ እዚያ አደገ። ብረታ ብረት ቤት ይሠራል። ለፋሲካ ይመጣል፣ ዶሮውን እሱ ነው የሚገነጥለው። ባለፈው ሲመጣ ማስታወቂያውን አሳየሁትና ስለዚያ ቀን ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኩት። ማክሰኞ መሆኑን፣ አራት ሰዓት መሆኑን። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ከዚያ፣ «አንቺ ያኔ በአንደኛው ወር ስትመጪ ሁሉንም ነገር ጠይቀሽኝ ነበር። ይመቱሃል ወይ፣ ትበላለህ ወይ። ማታ የት ነው የምትተኛው አላልሽኝም» አለኝ።

እኔ ደህና ነበር ብዬ የጻፍኩበት ወር ነው።

የድርጅቱ ስልክ አንሺ ጥያቄዬን ለአለቃው እንደሚነግር ቃል ገብቶልኝ ነበር። ማስታወቂያው ባለፈው ሳምንት በድጋሚ ወጥቷል፣ አሁንም «ተዛማጅ» ይላል። መንጃ ፈቃዱ ግን «ግዴታ» ሆኗል።

አንዲት ጡረተኛ ሶሻል ወርከር
ከኮተቤ፣ አዲስ አበባ